አጥቢያው የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ አቅርቤያለሁ። አንደኛው ከኦርቶዶክስ አማኝ፣ ሁለተኛው ከካቶሊክ እናት፣ ሦስተኛው ከፕሮቴስታንት ወጣት የመጣ ነው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰፈራችን ያለችው ቤተ ክርስቲያን ራሷን ታስተዳድር ወይስ ከላይ ትታዘዝ? ለአዲስ አንባቢ፣ እኔ በምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የድሬ ዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ሴት ነኝ። በአጥቢያዬ ሰበካ ጉባኤ በገንዘብ ያዥነትም በቁጥጥርም አገልግያለሁ። የምመልሰው እንደ ሊቅ አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር ቁጭ ብሎ እንዳየ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ድሬ ለገሃር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሁን ለሥራ የምኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ የከተማዋንም የአጥቢያውንም ስም አታውጪብኝ። ቤተ ክርስቲያናችንን ከቆርቆሮ መቃኞ፣ ከጊዜያዊ መጠለያ አንስተን እዚህ ያደረስናት እኛ ነን። ሴቶቹ አሸዋ በጆንያ ተሸክመዋል። ወጣቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ አውርዷል። አስተዳዳሪያችን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲሚንቶ ያወረዱ አባት ነበሩ። ባለፈው ዓመት በአንድ ደብዳቤ ተነሱ። ምክንያቱ ‹ለሥራው አስፈላጊነት› ነው ተባለ። የተተኩት አባት መጀመሪያ የጠየቁት የሕንፃ ኮሚቴውን የባንክ ደብተር ነው። ቀጥሎ ከሕንፃው ገንዘብም ለሀገረ ስብከቱ ፐርሰንት ይላክ የሚል መጣ። ሰው ተቆጣ። አሁን ግማሹ ‹ወርኃዊ ክፍያ እናቁም፣ ፐርሰንትም አንልክም፣ ራሳችንን እናስተዳድር› ይላል። ሌላው ‹በጳጳስ ላይ ማመፅ በእግዚአብሔር ላይ ማመፅ ነው› ይላል። ወንድማማች ተኳርፏል። አንቺ ምን ትያለሽ? ቤተ ክርስቲያኗ የኛ አይደለችም ወይ?»

የመቃኞው ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኛ ናት ስትል አልከራከርህም። አሸዋ የተሸከመች ሴት «የኔ ናት» ብትል ማን ሊነጥቃት ነው? ግን ያ መቃኞ ቤተ ክርስቲያን የሆነው በቆርቆሮው አይደለም። ጳጳስ የባረከው ታቦት ስለገባበት ነው። ካህናቱን የሾማቸው ጳጳስ ነው። ልጆቻችሁ የተቀቡት ሜሮንም ከናንተ ሰፈር አልመጣም። በኛ ሥርዓት አንድ አጥቢያ ብቻውን ቆሞ ቤተ ክርስቲያን መሆን አይችልም። ስለዚህ «ራሳችንን እናስተዳድር» ማለት ከጳጳሱ እንለይ ማለት ከሆነ፣ ሕንፃውና ደጋግ ሰዎቹ ይቀሩላችኋል፤ ቅዳሴው ይሄዳል።

ይህን ስል የበላዮች ጠበቃ እንዳልመስልህ። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ዘመን ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብለው ከመጡ ጀምሮ፣ ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚላክልን ከግብፅ ነበር። አንድ አቡን፣ ለዚያ ሁሉ አገር። ይህን የሚሰማ የዛሬ ሰው ሁሉም ነገር ከላይ ይታዘዝ የነበረ ይመስለዋል። በተግባር ግን አቡኑ ክህነት ይሰጡ ነበር እንጂ የአንድ ገጠር ደብር ጎተራ ውስጥ ስንት ቁና እህል እንዳለ በምን ያውቃሉ? ደብሩ የሚኖረው በመሬቱ ነው። አለቃው አለ፣ መሪጌታው አለ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ ገበዝ አለ። ክህነቱ ከሩቅ ይመጣል፤ እንጀራው ከቅርብ። በርግጥ የትልልቆቹን አድባራት አለቃ የሚሾመው ንጉሡ ስለነበር፣ ያ ዘመን የአጥቢያ ነፃነት ዘመን ነበር ብዬ አላታልልህም።

ላንተ ጥያቄ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። እኛው ራሳችን፣ መላዋ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ በእስክንድርያ ፊት እንደ አንድ አጥቢያ ነበርን። ጥያቄያችንም ያንተው ጥያቄ ነበር፤ የሚመራን ለምን ከመካከላችን አይወጣም? እንዴት አገኘነው? በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ካይሮ ላይ ጵጵስና ተሾሙ። በ1940 ስምምነት ተደረሰ። በ1943 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ፓትርያርክ። ሠላሳ ዓመት ፈጀ። መሐል ላይ ጣሊያን አቋራጭ ሞክሯል። በ1930 «ከእስክንድርያ ተለይታችኋል» ብሎ የሚመቸውን ሥርዓት አቆመ። እስክንድርያም አወገዘች። ጣሊያን ሲወጣ ያ ሥርዓት አብሮት ወጣ። በስምምነት የመጣው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

በቅርቡም ያየነው አለ። በጥር 2015 ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ የተደረገውን የጳጳሳት ሹመት ታስታውሳለህ። በኦሮምኛ ይቀደስልን፣ በቋንቋችን የሚያስተምር ካህን ይመደብልን የሚለው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ሐረርጌ ገጠር የኖረ ሰው ያውቀዋል። በተሄደበት መንገድ ግን የሰው ሕይወት ጠፋ። በየካቲት ስምምነት ተደርሶ ነገሩ ወደ ሲኖዶሱ ተመለሰ። ጥያቄው ቀድሞ ጆሮ ቢያገኝ ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር። ይህን ደግሞ የምለው ወደ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሐረር ልምጣ። አቡነ ቴዎፍሎስን የኛ አገር ሽማግሌዎች የሚያውቋቸው ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት፣ የሐረርጌ ጳጳስ ሳሉ ነው። ጵጵስና የተሾሙት በ1940 ነው። በ1963 ፓትርያርክ ሆኑ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1965፣ ቃለ ዓዋዲ ወጣ። ዛሬ ሰበካ ጉባኤ የምንለው ሁሉ የሚተዳደርበት ደንብ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደርግ የገጠር መሬትን ወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን መሬት በአንድ አዋጅ አጣች። ፓትርያርኩ በ1968 ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። ራሱ ተመታ፤ አካሉ ግን አልሞተም። ለምን? ከየቤቱ በየወሩ የምትለቀመው ስሙኒና ብር ካህኑን አበላች፣ ጧፍና ዕጣን ገዛች። ያንን ያደረገው አጥቢያው ነው። አጥቢያው እንዲያ እንዲደራጅ ያዘዘው ደንብ ደግሞ ከላይ የወጣ ነው። አንዱን ይዘህ ሌላውን ብትጥል ይህን ታሪክ መተረክ አትችልም።

ደንቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲመረጡ ያዛል። የአገልግሎት ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። አስተዳዳሪውን የሚመድበው ሀገረ ስብከቱ ነው። ታዲያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሕንፃ ኮሚቴ ብዙ አለ። ስለ ሰበካ ጉባኤ አንድ ቃል የለም። የናንተ ምርጫ መቼ ተደረገ? ሕንፃ ኮሚቴውስ ሒሳቡን ለማን ነው የሚያቀርበው? ለራሱ ከሆነ፣ ከላይ መጣብን የምትሉት ነገር ከታችም እናንተው ዘንድ አለ ማለት ነው።

የባንክ ደብተሩን ነገር እንየው። እኔ ባገለገልኩበት አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው እንዲህ ነበር። ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ ናቸው፤ አንዱ ሰው ከቀረ ሣጥኑ አይከፈትም። የድሬ ሙቀት ስለማያስቀምጥ የሚቆጠረው ማታ ነው። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። በላብ የራሰ ብር፣ በመሐረብ ቁራጭ የተቋጠረ ሳንቲም፣ የጅቡቲ ፍራንክ፣ አንዳንዴም የጆሮ ወርቅ ከስለት ወረቀት ጋር ይወጣል። ቬንትሌተሩ ይጠፋል፤ ወረቀቱን ይበትነዋላ። የተጨማደደውን ብር የሚዘረጉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ወርቁ ተመዝግቦ በፖስታ ይታሸጋል። ሁሉም ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል፤ ገንዘቡ ካዝና አድሮ ጠዋት ባንክ ይገባል። አዲስ አስተዳዳሪ መጥተው «እስቲ መዝገቡን ልይ» ሲሉ ማንም አልደነገጠም። አዩ፤ እርሳቸውም ፈረሙ።

ስለዚህ አዲሱ አባት ደብተሩን ልይ ማለታቸው ጥፋት አይደለም። ሊቀ መንበር ናቸው፤ ማየት አለባቸው። ደብተሩን ልያዝ፣ ብቻዬን ልፈርም ካሉ ግን እምቢ በሏቸው። በትሕትና፣ በቃለ ጉባኤ፣ በፊርማ እምቢ በሏቸው።

ፐርሰንቱ ላይ ሰዉ የተናደደው ገባኝ። ግን «ሳንቲም አንልክም» የሚለውን አልደግፍም። ታኅሣሥ 19 ከድሬ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን መንገድ አይተኸዋል። ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ ከጅቡቲ፣ ከአሜሪካ ሳይቀር ስለቱን ይዞ ይመጣል። ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ ወርቁ። የቁልቢ ከተማ ነዋሪ ተነሥቶ «ስለቱ የተሰጠው እኛ ሰፈር ስለሆነ የኛ ብቻ ነው» ቢል ይዋጥልሃል? አይዋጥልህም። በረሃ ዳር ያለች፣ አሥር አባወራ የሌላት አጥቢያ አለች። ካህኗ ደመወዝ የሚያገኘው ሌላው አጥቢያ ሲያካፍል ነው።

ግን መላክ ማለት አፍን ዘግቶ መላክ አይደለም። ከየትኛው ገቢ ምን ያህል እንደሚላክ በደንብ የተጻፈ ነገር ነው። ለሕንፃ ተብሎ፣ በሕንፃ ካርኒ የተሰበሰበ ገንዘብ ከመደበኛው ገቢ ጋር ይደመራል ወይ ብላችሁ አንቀጹ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። በቃል የመጣ ትእዛዝ በቃል ይቀራል። ከላይ የሚመጣ ሰውም ቢሆን በማኅተም የተጻፈ ነገር ላይ ስሙን ሲያኖር ይጠነቀቃል። ይህን በሒሳብ ክፍል ዕድሜዬ ያየሁት ነው።

ወደ ላይ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ሆዴ ውስጥ ሲጉላላ የኖረ ነው። ሰው ፐርሰንት መላክ የሚጠላው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም። የላከው ምን እንደሠራ ማንም ስለማይነግረው ነው። ገንዘብ ወደ ላይ ሲሄድ ካርኒ አለው፤ ወደ ታች ግን ሪፖርት አይመጣም። አንድ አባት ሕዝቡን አስተባብረው መቃኞን ሕንጻ ሲያደርጉ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይነሣሉ። ጳጳሱ የማዛወር ሥልጣን አላቸው፤ ይህን አልክድም። ምክንያቱን ቆመው ቢነግሩ ግን ሥልጣናቸው ይቀንስባቸዋል? አቡነ ማትያስ በ2005 ከተሾሙ ጀምሮ ስለ ሙስናና ስለ መልካም አስተዳደር ደጋግመው ተናግረዋል። ችግሩ ከሰፈር ሐሜት ያለፈ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

አሁን ወርኃዊ ክፍያ እናቁም ስለሚሉት። ይህን ከሁሉም በላይ ስማኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ አጥቢያ ልክ እንደናንተ ጠብ ተነሥቶ ሰው ክፍያ አቆመ። ካቆሙት አንዷ እንጀራ ሸጣ የምትኖር እናት ነበረች። ጠቡ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አታውቅም፤ «አትክፈሉ» ተባለ፣ አልከፈለችም። ሞተች። ሬሳዋ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ እየከረረ፣ ካርዷ ስንት ወር እንዳልተከፈለበት ይቆጠር ጀመር። ዕድርተኛው ከኪሱ አዋጥቶ ነው የተቀበረችው። አትክፈሉ ብለው የቀሰቀሱት ሰዎች የራሳቸውን ካርድ በጓሮ ሲከፍሉ ኖረዋል። እባክህን፣ ትግላችሁን በደካማው ሰው መቃብር አታስይዙት።

ምን እናድርግ ትለኝ ይሆናል። የምእመናኑ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። የሰበካ ጉባኤው ዘመን ካለፈ ምርጫ ይደረግ። ሕንፃ ኮሚቴው ሒሳቡን ያንብብ፤ ከውጭ ኦዲተር ይግባበት። ያኔ እጃችሁ ንጹሕ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስለ ተነሡት አባትም፣ ስለ ፐርሰንቱም ለሀገረ ስብከቱ ጻፉ። ካልተመለሰላችሁ ለጠቅላይ ቤተ ክህነት ጻፉ። ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና ከፋሲካ በኋላ በሚውለው ርክበ ካህናት ይሰበሰባል፤ አቤቱታችሁ ከዚያ ቀድሞ ይድረስ። ካህናቱንም ጨምራችሁ አስፈርሙ። የምእመን ፊርማ ብቻ ከሆነ «ጥቂት በጥባጮች» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የተነሡትን አባት ደግሞ በእናንተ ጠብ ውስጥ አትጎትቷቸው፤ የተመደቡበት ቦታ በሰላም ያገልግሉ።

ጥያቄ፦ «እኔ የሐረር ካቶሊክ ነኝ። ጳጳሳችንን የምትመርጥልን ሮም ናት። ገንዘቡም ድሮ ከውጭ ስለሚመጣ ስለ ቁምስናችን፣ ማለት ስለ አጥቢያችን ሒሳብ ማንም አይጠይቅም ነበር። አሁን የውጭው ርዳታ ቀንሷል፤ እኛ ነን የምናዋጣው። ታዲያ የምናዋጣ ከሆነ ድምፃችን የት አለ?»

እናት ከሐረር

መልስ፦ እህቴ፣ የናንተው ቪካሪያት ነው፤ ገና ከጅምሩ በሮም ስም የሚተዳደር ማለት ነው። ሥሩ በ1846 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጉልየልሞ ማሳያ ለተባሉት ጳጳስ ከተሰጠው ሐዋርያዊ ቪካሪያት ይመዘዛል። ስለዚህ ጳጳስ በመሾም በኩል ሰፈር ምርጫ ይደረግ ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ከሩቅ የተሾመ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሩቅ ነው ማለት አይደለም። ተፈሪ መኰንንን ያስተማሩት ሞንሲኞር ዣሮሶ የተሾሙት ከሮም ነው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን ሐረር ነው።

ድምፅሽ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተ ክርስቲያናችሁ የቀኖና ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖረው ያዛል። «ቢኖር ጥሩ ነው» አይልም፤ ይኑር ነው የሚለው። ምእመናንም ይገቡበታል። የቁምስናውን ካህን፣ ቆሞሱን፣ በእርጋታ ጠይቂያቸው፤ የኛ ቁምስና ምክር ቤት እነማን ናቸው? መቼ ተሰበሰቡ? ከሌለ ይቋቋም በዪ። ራስሽም ግቢበት። አንቺን የመሰለች ጠያቂ ካልገባች ማን ሊገባ ነው?

(እግረ መንገዴን፣ ይህ የክርስቲያን ጣጣ ብቻ አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቼ በ2004 የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይሁን ብለው ሲጠይቁ አብሬያቸው ቡና እጠጣ ነበር። ምርጫው በቀበሌ ተደረገ። ያ ቅሬታ ስንት ዓመት እንደቆየ ድሬ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሰው የሚመራውን ሲመርጥ የሚመርጥበት ቦታም ለካ ትልቅ ነገር ነው።)

ጥያቄ፦ «እማማ፣ ሐረር አራተኛ አካባቢ ነው የምኖረው። የማመልክበት ቤተ ክርስቲያን በኪራይ አዳራሽ ያለ፣ በማንም ሥር ያልሆነ ነው። ፓስተራችን ባለ ራእይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የጀመረው እርሱ ነው። በጸሎቱ ብዙ ሰው ተጽናንቷል፤ እኔም ከጫት ሱስ የወጣሁት በእርሱ አገልግሎት ነው። ግን አሥራትና መባ የሚገባው በግል የቴሌብር ቁጥሩ ነው። አንዳንዶቻችን ከአንድ ትልቅ ቤተ እምነት ጋር እንቀላቀል፣ ሽፋን ይኑረን አልን። እርሱ ‹ከእግዚአብሔር በታች ማንም አያዝዘኝም፣ አጥቢያ ነፃ ነው› አለ። ባለውለታዬን እየተቃወምኩ ነው እንዴ?»

ግራ የገባኝ ወጣት

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ከሱሱ ወጣህ። ያንን ውለታ አትርሳ። ማንም ቢቆጣህ አትርሳው። ግን ውለታና ካርኒ አይጋጩም። የሚወድህ ሰው ካርኒ ስትጠይቀው አይቀየምም።

«አጥቢያ ነፃ ነው» የሚለው ሐሳብ በናንተ ወገን ሥር ያለው ሐሳብ ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም አከብረዋለሁ። ታናሽ እህቴ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ሜኖናውያን የሚባሉ የፕሮቴስታንት ሚስዮኖች በ1940ዎቹ ደደርም፣ በደኖም፣ እዚህ ድሬም ሠርተዋል፤ እርሷም በዚያ መንገድ ነው የገባችው። በጥር 1974 ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ዘጋ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። አባሎቻቸው ያኔ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ።

ያንን ጊዜ በቤታችን አየሁት። አብረን ነበር የምንኖረው። አምስት ስድስት ሆነው ይመጣሉ፤ አንድ ላይ ግን አይመጡም። አንዷ ዘንቢል ይዛ ከገበያ የተመለሰች መስላ ትገባለች። ሌላው ከሩብ ሰዓት በኋላ። ጫማቸውን በር ላይ አያወልቁም፤ ይዘውት ይገባሉ፣ አልጋ ሥር ይሰለፋል። ቡና ይፈላል። ዝማሬው በሹክሹክታ ነው፤ ረከቦቱ ላይ ስኒ ሲጋጭ ከዝማሬው በላይ ይሰማል። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እህል ትለቅማለች፣ ሰው ሲመጣ ጮክ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች። ገብቶሃል።

አሁን ልብ በል። ያቺ ትንሽ ጉባኤ ሕንፃ የላትም፣ ከላይ ደብዳቤ የሚጽፍላት የለም። ከዚህ የበለጠ ነፃ አጥቢያ የት ይገኛል? ግን የአንድ ሰው ንብረት ሆና አልኖረችም። የሚመሩት ተራ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ለዚያ የሠለጠኑ ነበሩ። አንዱ ቢታሰር ሌላው ይተካል። በስውር ያሉት መሪዎችም ግንኙነቱን አልቆረጡም። ትምህርቱ ከቤት ቤት ይደርስ ነበር። ለተቸገረ የሚዋጣው ብር እንኳ በሁለት ሰው ፊት ነበር የሚቆጠረው። እኅቴ እስከ ዛሬ በዚህ ትኮራለች።

የናንተ ፓስተር ነፃነት የሚለው የአጥቢያውን ነው ወይስ የራሱን? አጥቢያው ነፃ ከሆነ ጉባኤው ይሰብሰብና ይወስን። ሽማግሌ ይምረጥ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የማዕድ አገልግሎት ላይ ማጉረምረም ሲነሣ ሐዋርያት እራሳቸው አልመረጡም፤ ከመካከላችሁ ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። ሕዝቡ መረጠ፣ ሐዋርያት እጅ ጫኑ። ጉዳዩም እንዳንተው የገንዘብና የእህል ጉዳይ ነበር። ሐዋርያት እንኳ ያን በብቻቸው ለመያዝ አልፈለጉም።

ስለዚህ ወደ ቤተ እምነት ለመግባት አትቸኩሉ። ቤታችሁን ሳታጸዱ ሽፋን ብትፈልጉ፣ ትልቅ ስም ያለው ማኅተም ሥር የድሮው ነገር ይቀጥላል። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያኑ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ፈራሚው ከአንድ በላይ ይሁን። ቴሌብሩም በተቋም ስም መሆን ይችላል። በየዓመቱ ሒሳቡን የውጭ ሰው ይመርምር። ከዚያ ስለ መቀላቀል ተነጋገሩ። የምትቀላቀሉትን ቤተ እምነትም ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። ፓስተሩን ማን ይሾማል፣ ማን ያነሣል? ወደ ማዕከል የሚላከው ምን ያህል ነው? ነገ ቦታ ገዝተን ብንሠራና ብንለያይ ሕንፃው የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ስንት ጉባኤ ፍርድ ቤት አቁሟል። በ2012 በአዋጅ የተቋቋመው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም አለላችሁ፤ ምክር ለመጠየቅ የግድ መጠቅለል አይጠበቅባችሁም።

የቴሌብሩን ነገር ግን አታቆየው። ፓስተሩን መጀመሪያ ለብቻው አናግረው፣ ሰው ፊት አታሳጣው። «አንተን ለመክሰስ አይደለም፣ ነገ ስምህ እንዳይነሣ ነው» በለው፤ ደግሞም እውነት ነው። ካልሰማህ ሁለት የሚያከብራቸውን ሰዎች ይዘህ ተመለስ። ካልሆነ ለጉባኤው ይነገር። የጌታ ትእዛዝ በማቴዎስ 18 በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጠው። ከደረስክበት ጻፍልኝ፤ ስምህን አላወጣም።